መርፌ የሚቀቅለው ልብስ ሰፊ

በኛ ጊዜ መርፌ ይቀቀል ነበር። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ብርቱካን፣ እንደ ድንች ይቀቀል ነበር ብለሽ ጻፊ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ ሲያመልጥሽ ቁም በይኝ፣ እኔ እንደሆነ የምሄድበት የለኝም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር «ጋሽ ወርቁ ያሉትን ሳታሳምሪ ጽፈሽ አምጪልኝ፣ ልጆቻቸው ስኳር ላለባቸው ወላጆች አነብላቸዋለሁ» ብላሻለች አይደል፣ ታዲያ ሳታሳምሪ ነው። ስሜንም ጻፊ። ወርቁ፣ የመካኒሳ ሰው፣ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ስኳር ከያዘው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአንቺና ከልጅሽ ከሶሊያና ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖር። ይበቃል።

ታዲያ ስኳር ሲይዘኝ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጫልቱን ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ውሀ እጠጣለሁ እና እሸናለሁ፣ ውሀ እጠጣለሁ እና እሸናለሁ፣ ሰውነቴ እንደ ሻማ አለቀ፣ የሰው ልብስ መስፋት ትቼ የራሴን ሱሪ ወገብ በየሳምንቱ እያጠበብኩ ከረምኩ። ሆስፒታል ስሄድ ዶክተሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስኳር ነው፣ በቀን ሁለቴ መርፌ ትወጋለህ» አለኝ።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እስክትሞት» አለኝ።

ያኔ ዶክተር እንዲህ ነበር፣ ነገር አያለሳልስም።

እና እኔ ቀኑን ሙሉ በመርፌ የምውል ሰው፣ ጣቴን በቀን ሦስቴ አራቴ ሳላስበው የምወጋ ሰው፣ አስበህ ውጋ ስባል እጄ እምቢ አለኝ። ሰምተሻል? መርፌ የእንጀራዬ እቃ ነው፣ ግን እምቢ አለኝ። ስለዚህ ነው አንቺ ሶሊያናን መውጋት ፈራሁ ስትዪ አንድም ቀን ያልሳቅኩብሽ።

ስሪንጁ ያኔ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ፣ ከእጅሽ ከወደቀ አለቀ። መርፌው ደግሞ ረጅም ነው፣ የዛሬው አጠገቡ ሲቀመጥ የጢም ፀጉር ነው የሚመስለው። ስሪንጅ አንድ፣ መርፌ ሁለት፣ ለዓመት ይኼው ነው። ታዲያ ጠዋት ተነስተሽ ላምባ ምድጃ ትለኩሻለሽ፣ በድልህ ጣሳ ውሀ ትጥጃለሽ፣ ስሪንጁንና መርፌውን ትከቻለሽ፣ እየፈላ ቅጭል ቅጭል ይላል፣ ትጠብቂያለሽ፣ ታወጪያለሽ፣ እስኪቀዘቅዝ ደግሞ ትጠብቂያለሽ፣ ከዛ ትቀጃለሽ፣ ከዛ ትወጊያለሽ። ቁርስ የሚበላው ከዛ በኋላ ነው። ማታም እንደዛው። መድኃኒቱ ፍሪጅ የለው፣ ብልቃጡ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ማሰሮው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀመጣል፣ አሸዋው እንዳይደርቅ ውሀ ታጠጪዋለሽ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ውሀ ጠጪ ነበርን፣ እኔና አሸዋው።

መርፌውም ይዶለዱማል። ሲዶለዱም መቀሴን በምስልበት መሳያ ድንጋይ እስለዋለሁ። ሰው ገላውን የሚወጋበትን መርፌ ድንጋይ ላይ ይስል ነበር ብዬ ለሲስተር ብነግራት ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ድንጋዩ ዛሬም አለ። በኋላ ይመጣል፣ አትርሺው።

ታዲያ መውጋቱን ለጫልቱ ያስተማረቻት አንዲት ነርስ ናት። ብርቱካን ሰጠቻት። አንቺን አይደለም፣ ፍሬውን። «የሰው ቆዳ ማለት እንደዚህ ነው፣ ውሀ ቅጂና እዚህ ላይ ተለማመጂ» አለቻት። ጫልቱ ብርቱካኑን ወጋችው፣ ወጋችው፣ ወጋችው፣ ብርቱካኑ ውሀ ጠግቦ አበጠ። እና ቤት ስንመለስ ማን ይብላው? እኔ ስኳር አለብኝ። ጫልቱ በላችው። «ምንም አይልም፣ ትንሽ ቀጥኗል» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ማታ እጅጌዬን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። ፊቷን አየሁት፣ ላብ በላብ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ጫፍ ላይ ያለው ጠብታ ይወዛወዛል።

«ጫልቱ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አልኳት።

«ይንቀጠቀጥ። ዓይኔ አይንቀጠቀጥም» አለች።

እና ወጋችኝ። እኔ ነኝ ዓይኔን የጨፈንኩት። እሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርፌውን እያየች ነው። ይሄንን አስምሪበት።

ታዲያ ከዛ ወዲህ ጣሳውና ምድጃው የማይሄዱበት ቦታ የለም። ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ሰርግ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ለመስቀል ወደ ጫልቱ ቤተሰቦች ሄድን፣ ፉሪ። ፉሪ ያኔ እንደ ዛሬ ቤት በቤት ላይ አይደለም፣ ጤፍ ነው፣ ሽምብራ ነው፣ አማቴም ገበሬ ናቸው፣ ቁጥብ ሰው፣ ቃል ሲወጣቸው ተመዝኖ ነው። ጠዋት ሁሉም ሳይነሳ ብዬ ከጓዳ ገባሁና ምድጃዬን ለኮስኩ፣ ጣሳዬን ጣድኩ። ለካ አማቴ ሴትዮዋ በቀዳዳ ያዩኛል።

«አንቺ ጫልቱ፣ ባልሽ ምንድነው የሚቀቅለው?»

«መርፌ ነው እማዬ።»

«ምን?»

«መርፌ።»

ከዛ የአማቴ የሰውየው ድምፅ ከመደቡ ላይ መጣ፣ እንዲህ ጎርነን ብሎ፣ «እኔ ልጄን የሰጠሁት ለልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ሁሉ መርፌውን ይቀቅላል? ሲበስልስ ማን ይበላዋል?»

አስረዳናቸው። ስኳር የሚባል በሽታ ነው አልናቸው፣ በቀን ሁለቴ መወጋት አለብኝ አልናቸው። ሰሙ፣ ሰሙና «እንግዲህ ቀቅል» አሉኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ፉሪ ውስጥ ስሜ መርፌ የሚቀቅለው ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ለቅሶ ስሄድ የዛን ጊዜ ልጆች አርጅተው «ጋሽ ወርቁ፣ መርፌው በሰለ?» ይሉኛል።

ታዲያ ፕላስቲኩ ስሪንጅ መጣ። ቀላል ነው፣ አይቀቀልም፣ መርፌው አጭር ነው፣ ተወግቶ ይጣላል። ይጣላል ያሉት እነሱ ናቸው፣ እኔ አንዱን ሳምንት እወጋበት ነበር፣ መጣል አልሆንልኝ አለ። ይሄን ሲስተር ስታነብላቸው ጋሽ ወርቁ ልክ አልነበሩም ብላ ትጨምርበት። ጣጣው ምን መሰለሽ፣ ፕላስቲኩ ላይ ያለችው መስመር ቀጭን ናት፣ ፀጉር ናት። የኔ ዓይን ደግሞ አንድም በስኳሩ፣ አንድም በስፌቱ፣ ደክሟል። ስለዚህ ጫልቱ ነበረች የምትቀዳልኝ። ወደ መስኮቱ ዞራ ብርሃን ላይ ታየዋለች፣ በጣቷ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች፣ አየሩን ታስወጣለች፣ ትሰጠኛለች፣ መውጋቱን እጄ ለምዶ ነበር፣ እኔው እወጋለሁ። ስንት ዓመት። ጫልቱ የሞተች ቀን ሰው ሁሉ መጥቶ አለቀሰልኝ፣ እኔ ግን ከቀብር ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ከእንግዲህ ማን ይቀዳልኛል የሚለውን ነው። ጻፊው። እንደዛ ነው ያሰብኩት፣ ሌላው ሀዘን በኋላ ነው የመጣው።

ያኔ ነው ሲስተር ይሄን እስክሪብቶ የሰጠችኝ። እነሱ ፔን ይሉታል። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ አየሁት፣ እስክሪብቶ ነው፣ ክዳን አለው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

«ሲስተር፣ እኔ ጻፍ አልተባልኩም፣ ተወጋ ነው የተባልኩት» አልኳት።

«መድኃኒቱ ውስጡ ነው ጋሽ ወርቁ። መቅዳት የለም። ፀጉር የመሰለች መርፌ ጫፉ ላይ ያስገባሉ፣ ትንሽ ወደ ላይ ያፈሳሉ፣ አየሩ ይወጣል። ከዛ ከኋላ ያለውን ያዞራሉ፣ በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል፣ የፈለጉት ቁጥር ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ሲወጣ ይወጉና እስከ መጨረሻ ይጫኑታል። አለቀ።»

አለቀ። ያን ሁሉ ዓመት የቀቀልኩት፣ የሳልኩት፣ ያስቀዳሁት፣ ቀጭ ቀጭ ብሎ አለቀ። አልተዋጠልኝም። ቀላል ነገር አላምንም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቶሎ የተሰፋ ቶሎ ይተረተራል።

እና እውነትም የመጀመሪያው ሳምንት ስኳሬ አልወርድ አለ። ስወጋ ሆዴ ላይ እርጥበት ይቀራል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። አገኘሁት አልኩ፣ ይዤው ሄድኩ።

«ሲስተር፣ እስክሪብቶሽ ያንጠባጥባል።»

«እስኪ እዚሁ ሲወጉ ልይ» አለች። ወጋሁ፣ ተጫንኩ፣ ነቀልኩ። ሳቀች።

«ምን ያስቸኩልዎታል? ገና እየገባ እኮ ነው የነቀሉት። ከተጫኑ በኋላ ሳይነቅሉ አስር ይቁጠሩ።»

አስር መቁጠር ታዲያ ለኔ ችግር ነው፣ የልብስ ሰፊ ቆጠራ ይፈጥናል፣ አንድ ሁለት ብዬ አስር ላይ ነኝ። በኋላ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ሰዓት አልነበራትም፣ እንቁላል ስትቀቅል በጸሎት ነበር የምትለካው፣ ይህን ያህል ጊዜ አባታችን ሆይ ብዬ አወጣዋለሁ ትል ነበር። እኔም እንደዛ አደረግኩ። መርፌውን አስገብቼ እጫናለሁ፣ ከዛ አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ የዕለት እንጀራው ጋ ስደርስ እነቅላለሁ። ከዛ እንጀራዬን እበላለሁ። ከዛ ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀረም። ለሲስተር ስነግራት «ለሌላውም እነግራለሁ» አለች።

እና ወደድኩት። ከኪሴ አውጥቼ ታክሲ ውስጥ እወጋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ከሁሉ የወደድኩት ድምፁን ነው። ቁጥሯን አላያትም፣ ግን ቀጭታውን እሰማለሁ። አንዱ ቀጭ አንድ ነው፣ አስራ ስድስት ቀጭ አስራ ስድስት ነው። ዓይኔ የነሳኝን ጆሮዬ መለሰልኝ አልኩ። ሲስተር ግን ያንንም ከልክላኛለች። «በጆሮ አይቁጠሩ፣ በመስኮቷ ቁጥሩ ይታይ፣ ካልታየዎት ሰው ይይልዎት» ብላኛለች። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይጎዳል። እሺ ብዬ በጆሮዬ ቀጠልኩ።

አሁን ወዳንቺ መጣን። እጅሽ ደክሟል? ውሀ ጠጪ። ሶሊያና የት ናት? እዛው ትጫወት፣ ትስማ፣ የሷም ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሶሊያና ስኳር ተይዛ ከሆስፒታል የወጣች ቀን በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ እርስዎ የለመዱት ነው፣ እኔ ልጄን መውጋት አልችልም።» የስድስት ዓመት ልጅ፣ እጇ ይሄን ታህል። እኔ ታዲያ ምን ልበል? ኮራሁ። አርባ ዓመት የተወጋሁት ለአንድ ነገር ጠቀመ አልኩ። እስክሪብቶዋ ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ልኳ ጠዋት ስምንት፣ ማታ ስድስት ነው። አንቺ ትይዣታለሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ፣ እኔ እየሰማሁ አዞራለሁ፣ ስምንቴ ቀጭ፣ እወጋለሁ። እሷ በትምህርት ቤቷ ቋንቋ «ዋን ቱ ስሪ» ብላ እንደ ባቡር ትሮጣለች፣ «ቴን፣ ንቀለው አባባ» ትለኛለች። «የለም፣ ያንቺ ቴን አይታመንም» እላትና አባታችን ሆይ እንጀምራለን፣ እንጀራው ጋ ስንደርስ እነቅላለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሄድን። ደህና ነበረች። ጉንጯ ተመለሰ።

ባለፈው ማክሰኞ ከጤና ጣቢያ አዲስ እስክሪብቶ ይዘሽ መጣሽ። ያማረ ነው፣ ብረት ነገር ነው፣ ከበድ ይላል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ውስጡ ያለው ብቻ ይቀየራል አልሽኝ።

«ልኩ ተለወጠ?» አልኩሽ።

«አልተለወጠም፣ ጠዋት ስምንት፣ ማታ ስድስት ነው» አልሽኝ።

ከዚህ ሌላ እኔ አልጠየቅኩም፣ አንቺ አልነገርሽኝም። ሲስተር ስታስረዳሽ ልጅቷ እያለቀሰች ነበር፣ ግማሹን አልሰማሁም ብለሻል በኋላ። እና አዞርኩት። ቀጭ ይላል፣ ያውም ከድሮው ይልቅ ጥርት ያለ ቀጭ ነው። ስምንት ቆጠርኩ፣ ወጋሁ። ማታ ስድስት ቆጠርኩ፣ ወጋሁ። አንቺ ፊትሽ ግድግዳው ላይ ነው። እኔ ጆሮዬ ብቻ ነው ያለው። መስኮቷን ያየ ሰው የለም።

ረቡዕ ውሀ አለች። ሐሙስ ውሀ፣ ውሀ፣ ውሀ አለች፣ ፍራሹን አረጠበችው፣ ሆዴን አለች። በስኳር መለኪያዋ ማሽን ጣቷን ወጋ አድርገሽ ስታዪ ስኳሩ ሰማይ ነው። ያን ጊዜ ቦርሳዋን ገለበጥሽው። ከደብተሯ ስር የከረሜላ ወረቀት ወጣ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ አንድ እፍኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለአሻንጉሊቴ ነው፣ ቀሚስ ነው እማ።»

«ከረሜላው የት ሄደ?»

«እኔ አልበላሁም።»

«ማን በላው ታዲያ?»

«ልጆቹ ናቸው። እኔ ወረቀቱን ብቻ ነው የለቀምኩት።»

እጅሽን አነሳሽ፣ አልመታሻትም፣ ግን ከመምታት የባሰ ቃል ወጣሽ። «ራስሽን ልትገዪ ነው አንቺ ውሸታም» አልሻት። ጻፊው። አትዝለዪው፣ የኔም ይመጣል።

የኔ እንዲህ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉን ሰምቻለሁ። በወረቀት ቀሚስ መስፋት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከክፍልና ከመንገድ እንደምትለቅም አውቃለሁ፣ አምጥታ ታሳየኛለች፣ «ይሄ ለእጅጌ ይሆናል?» ትለኛለች። ያን ሁሉ እያወቅኩ ምን አልኩ? «ልጅ ናት፣ ብትቀምስ አይገርምም» አልኩ። ቃሌ ይሄ ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ አሻንጉሊቷን ይዛ ወደ አልጋዋ ገባች።

ለምን እንዲህ አልኩ? ቆይቼ ነው የገባኝ። ጥፋቱ የሷ አፍ ከሆነ የኔ እጅ አይደለም ማለት ነዋ። አርባ ዓመት የተወጋ ሰው አይሳሳትም፣ የስድስት ዓመት ልጅ ትዋሻለች። እንዲህ ብዬ ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም፣ አፌ ግን ቀድሞ አስቦልኛል።

ታዲያ አርብ ጠዋት ስምንቴን ቆጥሬ ወጋኋት፣ ሆዴን ማለቷን ስላልተወች ሦስታችን ታክሲ ተሳፈርን። ከሀይሌ ጋርመንት ወዲያ ወረድን፣ ጤና ጣቢያው ጋ ስንደርስ ልጅቷ ትከሻሽ ላይ ናት። ሲስተር ሽንቷን አየች፣ «ደግ አድርጋችሁ መጣችሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ብትቆዩ አታመጧትም ነበር» አለች። አንቺ ስለ ከረሜላው ጀመርሽ። ሲስተር በእጇ አስቆመችሽና ወደኔ ዞረች።

«ዛሬ ጠዋት ስንት ወጓት?»

«ስምንት።»

«ትናንት ማታስ?»

«ስድስት። ቆጥሬ ነው።»

እስክሪብቶውን ከቦርሳሽ ተቀበለች፣ ጫፉን ጫን አደረገችው፣ መስኮቷ ላይ ቁጥር ወጣ። ለኔ አሳየችኝ፣ እኔ ምን ይታየኛል። ለአንቺ አሳየችሽ።

«አራት» አልሽ።

«ይሄ እስክሪብቶ መጨረሻ የተወጋውን ልክ እና ከተወጋ ስንት ሰዓት እንዳለፈው ይይዛል። ዛሬ ጠዋት የተወጋችው አራት ነው ይላል» አለች ሲስተር።

«ተሳስቷል» አልኩ።

«እንዴት አድርገው ቆጠሩ?»

«ስምንቴ ቀጭ አለ።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ የልጆች ነው። ለልጅ አንድ ሙሉ ሲበዛ፣ ግማሽ መጨመርና ግማሽ መቀነስ እንዲቻል የተሠራ ነው። የዚህ አንዱ ቀጭታ ግማሽ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ልጅቷ ግማሽ ነው የተወጋችው። ያን መድኃኒት እኔ ከነቁጥሬ፣ ከነጸሎቴ፣ በግማሽ ነው የሰጠኋት። ሲስተር አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «እንኳን ወደ ማነሱ ሆነ፣ ወደ መብዛቱ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» ብቻ አለች። ሶሊያና አልጋው ላይ ተጋድማ ነበር። ድምጿ ቀጥኖ «አልበላሁም ብያለሁ እኮ» አለች። ለማን እንዳለች አላውቅም። ለሦስታችንም ይሆናል።

ታዲያ እስከ ማታ እዛው ዋላችሁ፣ የማታውን ሲስተር ወጋቻት፣ ስኳሩም ወረደ፣ ማታ እያወራች ገባች። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋትም ለአንድ መርፌ ሁለት ታክሲ ይዘሽ ወሰድሻት። ሲስተር ደግሞ ጨርሳ ነግራሻለች፣ ነገ እሑድ ናት እኔ የለሁም፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የምትወጊያት አንቺ እናትየዋ ነሽ ብላሻለች።

ዛሬ ከሰዓት አንቺ ሽንኩርት ስትከትፊ ያደረግኩትን አላየሽም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። ከአልጋዬ ስር ያን መሳያ ድንጋይ አወጣሁ። በኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፣ ለሽማግሌ ብቻ ነው ለልጅ አይደለም የሚል ሕግ አልሰማሁም። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሶሊያና ፊት ቆምኩ። መጎንበስ ይጎዳኛል፣ ወገቤ እንደምታውቂው ነው።

«አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ሳትበዪ በላች ብያለሁ። አውርድ እስክትዪኝ አላወርድም።»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

አሰበችበት። «ትንሽ ያዘው» አለችኝ። ከዛ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ብላ ጀመረች፣ ግን እንደ ልማዷ አልሮጠችም፣ ቀስ ብላ ነው፣ ፊቴን እያየች፣ እያንዳንዱን። ቴን ላይ ደረሰች። «አውርደው» አለችኝ። አወረድኩ። «ለአሻንጉሊቴ የእውነት ጨርቅ ቀሚስ ትሰፋልኛለህ» አለችኝ። ጥያቄ አይደለም፣ ፍርድ ነው። ክር ማስገባቱን እሷ ታስገባልኛለች፣ ስፌቱን እኔ እሰፋለሁ፣ በዚህ ተስማምተናል።

እና ነገሩ ይሄ ነው። እኔ ከእስክሪብቶው ጋር ጠብ የለኝም። ጣሳው ቀረ፣ ድንጋዩ ቀረ፣ አሸዋው ቀረ፣ መርፌው አነሰ፣ ለልጅ ግማሽ የሚለካ መጣ፣ የሰው ቃል ሲያጠራጥር የሚመሰክር መጣ። ጫልቱ ይሄን ብታይ ስንት ጠዋት ትተኛ ነበር። ግን ጫልቱ በዛ በብርጭቆው ስንት ዓመት ያላበላሸችውን እኔ በዚህ ባማረው በሦስት ቀን አበላሸሁት፣ ምክንያቱም እሷ ታይ ነበር፣ እኔ አላየሁም። የኔንም ቢሆን ከእንግዲህ ቁጥሩን አንቺ ታይልኛለሽ፣ እኔ ያንቺን ልጅ አልወጋም። አኩርፌ አይደለም። ዓይን ያለው ይውጋ።

አሁን አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሽሮውም ደርሷል፣ ይሸተኛል። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ጽሑፉም ላይ ሳይታይ አይቀርም። ይንቀጠቀጥ። በይ ይሄን እስክሪብቶ አስቀምጪና ያንን አንሺ።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እኔ ብርቱካን ነኝ፣ እራት ከበላን በኋላ ነው። ከእራቱ በፊት መርፌውን እስክሪብቶው ጫፍ ላይ አስገባሁ፣ ትንሽ ወደ ላይ አፈሰስኩ፣ አዞርኩት። ጋሽ ወርቁ «ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉኝ። «ስድስት» አልኩ። ሶሊያናም አንገቷን አስግጋ አየችና «ስድስት» አለች። ወጋኋት። ግድግዳውን አላየሁም። ተጫንኩትና አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፣ በልቤ ነው ያልኩት፣ ከንፈሬ ግን ይንቀሳቀስ ነበር መሰለኝ ልጄ ከንፈሬን ታያለች። መርፌውን እያየሁ ቀጠልኩ፣ ቀጠልኩ።

«እማ» አለች ሶሊያና፣ «እንጀራው አለፈሽ።»

ጋሽ ወርቁ ሳቁ። እኔም ነቀልኩት።